የስም ዋጋ ስንት ነው?

ስም የድሃ ሀብት ነው። ባለጠጋ ስሙ ቢጎድፍ ቤቱ አለ፣ መሬቱ አለ፣ በባንክ ያስቀመጠው ገንዘብ አለ። ድሃ ግን ለዕቁብ ዋስ የሚያገኘው፣ ከሰፈሩ ሱቅ በዱቤ የሚወስደው፣ ልጁን ለወግ ለማዕረግ የሚያበቃው በስሙ ነው። «እገሌ የታመነ ሰው ነው» የተባለለት በባዶ ኪስ ወሩን ይገፋል፤ «ከእሱ ተጠንቀቁ» የተባለው ግን ኪሱ ቢሞላም በር ይዘጋበታል። ያገሬ ሰው «ስም ከመቃብር በላይ ነው» ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዲህ ይህን ያህል የከበረውን ነገር ሕጋችን ስንት ያወጣል ይለዋል? መልሱ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ ቢበዛ አንድ ሺህ ብር።

ወደዚህ ቁጥር ከመመለሴ በፊት ጥቂት ወደ ኋላ ልሂድ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ገበሬውን፣ ፊደል የቆጠረውን በሥራው የሚያንቋሽሽ ሰው እንደሚታሠር አዋጁ ያስጠነቅቃል። ይህ አዋጅ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ በአንድ ነገር ነው። ንጉሡ ሊጠብቁት የተነሡት የመኳንንቱን ስም አልነበረም፤ መኳንንቱስ ጠባቂ አላጡም። የተጠበቀው ማረሻ ሠርቶ፣ ሸማ ሸምኖ ሀገር እያኖረ በአደባባይ የሚዋረደው ሰው ስም ነው። ነገር ግን አዋጁ ንቀቱን አላጠፋውም። «ቡዳ» የሚለው ስም በእጅ ሙያተኛው ላይ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ኖሯል። እስራት አፍን ሊያዘጋ ይችል ይሆናል፤ የጎደፈን ስም ማጽዳት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ዘመናዊው ሕግ እንምጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2044 ስም ማጥፋት ምን እንደ ሆነ ይነግረናል። በቃል፣ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ በሕይወት ያለን ሰው እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም እንዲሣቅበት አድርጎ መታመኑን፣ ስሙን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ የጣለ ሰው ጥፋተኛ ነው። ቀጥለው ያሉት አንቀጾች ሚዛኑን ለመጠበቅ ይጥራሉ። የሕዝብን ጥቅም በሚመለከት ጉዳይ ሐሳቡን የገለጠ ሰው ሐሰት መሆኑን እያወቀ መናገሩ በእርግጠኝነት ካልተረጋገጠበት አይጠየቅም። የተናገረው እውነት መሆኑን ያስረዳም ለመጉዳት ብቻ ብሎ ካልተናገረው በቀር ነፃ ነው። የተማረ እጅ የጻፈው፣ የታሰበበት ሕግ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሒሳቡ ላይ ነው። ተበዳዩ ሥራውን ወይም ገበያውን ማጣቱን በማስረጃ ካረጋገጠ ያንን ያህል ይካሳል። ለልቡ ስብራት፣ ለደረሰበት ውርደት ግን አንቀጽ 2116 ካሳውን ከአንድ ሺህ ብር እንዳያልፍ ያጥረዋል። ሕጉ ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ተኩል ገደማ ይመነዘር ነበርና አንድ ሺህ ብር የዋዛ ገንዘብ አልነበረም፤ አራት መቶ ዶላር ያህል ነው። ዛሬ ግን ያው አንድ ሺህ ብር አሥር ዶላር እንኳ አይሞላም። ለመገናኛ ብዙኃን ብቻ በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ጣሪያውን ወደ መቶ ሺህ ብር ከፍ አድርጎት ነበር። ስሙ በጋዜጣ የጠፋበት ሰው መቶ ሺህ ሊጠይቅ ሲችል፣ በሰፈሩ ሰው አፍ የጠፋበት ግን በዚያው በአንድ ሺህ ቀረ። ለመሆኑ የድሃ ስም የሚጠፋው የት ነው? በጋዜጣ ነው ወይስ በሰፈር?

በምሳሌ ልናገር። እንጀራ ጋግራ በማከፋፈል ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እናት አለች እንበል። በእንጀራ ላይ ጄሶ ይቀላቀላል የሚል ወሬ በአዲስ አበባ በተደጋጋሚ ሰምተናል፤ ተያዙ የተባሉም ነበሩ። ስለዚህ ወሬው ሲነገር የሚያምነው ብዙ ነው። አንድ ቀን ገበያዋን የሚመኝ ሰው የእሷን ፎቶግራፍ ከደጇ ጋር አድርጎ «ጄሶ የምታበላን ይህች ናት» ብሎ በቴሌግራም ይለቃል። ከማምሻው በፊት ሰፈሩ በሙሉ አይቶታል። በማግስቱ ሆቴሎቹ ትእዛዛቸውን ይሰርዛሉ፤ በሦስተኛው ቀን ልጇ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች ትመለሳለች።

በድሮ ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ወግ ነበር። ንብረት የጠፋ እንደ ሆነ አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳውን ይከፍላል። ምስክር አይጠየቅም፣ ማስረጃ አይቀርብም። ዛሬ ልጁም መድኃኒቱም የሉም፤ ሕዝቡ ግን በስልኩ እየተመራ በዚችው እናት ደጅ ይቆማል።

ይህች ሴት ወዴት ትሂድ? ፍርድ ቤት ብትሄድ ጊዜዋንና ገንዘቧን ከፍላ የምታገኘው የሞራል ካሳ ከአንድ ሺህ ብር አያልፍም። ወንጀል ነው ብላ ፖሊስ ጣቢያ ብትሄድ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ስም ማጥፋት በተበዳዩ አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ በኮምፒዩተር የተፈጸመውንም የ2008 ዓ.ም.ቱ አዋጅ ቁጥር 958 በአንቀጽ 13 ያስቀጣል። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ ይህ በር ከእሷ ይልቅ ለሌላ ሰው ሰፊ መሆኑ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ የሚደመጠው፣ ጠበቃ ማቆም የሚችለው፣ ተከሳሹን አሳስሮ የሚያድረው ባለሥልጣኑና ባለሀብቱ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በስም ማጥፋት እየተከሰሱ የታሠሩትን ጋዜጠኞች ያስታወሰ ሰው ይህን አይክደኝም።

ሌላም አለ። የወንጀል ሕጉ ለመጉዳት ታስቦ ከተነገረ የተባለው ነገር እውነት ቢሆንም እንኳ ስም ማጥፋት ነው ይላል። የሕዝብን ጥቅም ለማስጠበቅ ለተናገረ ሰው ሕጉ መከላከያ ማስቀመጡን አውቃለሁ። ነገር ግን መከላከያው የሚታየው ከተከሰሱ በኋላ ነው። እስቲ ምሳሌዬን ልገልብጠው፤ ጄሶው በእርግጥ ቢኖርስ? በልቶ የታመመው ደንበኛ እውነቱን ለመናገር ጣቢያና ፍርድ ቤት መመላለስን መፍራት አለበት? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 24 ክብርንና መልካም ስምን፣ በአንቀጽ 29 የመናገርን ነፃነት ሲያስቀምጥ ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲኖሩ አስቦ እንጂ አንዱ ሌላውን እንዲያሥር አይመስለኝም።

የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት በ2007 ዓ.ም. በቡርኪና ፋሶው ጋዜጠኛ በሎሄ ኢሳ ኮናቴ ጉዳይ ስም በማጥፋት ሰውን ማሠር ተመጣጣኝ አይደለም ሲል ፈርዷል። በእኛም ሀገር በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት በወንጀል እንዳያስጠይቅ አደረገ። መልካም እርምጃ ነው። ግን ሌላ ጥያቄ አስከትሏል። ጋዜጠኛው ከእስራት ሲያመልጥ፣ ያንኑ ቃል በቡና ላይ ወይም በግል ገጿ የተናገረችው የቤት እመቤት ለምን በወንጀል ሕጉ ሥር ትቀራለች? የሙያ መታወቂያ ያለው ነፃ፣ የሌለው እስረኛ የሚሆንበት ሚዛን ለእኔ ቀጥ ብሎ አይታየኝም።

የሚቃወሙኝ አሉ። «ስም አጥፊው ድሃ ከሆነ ካሳ ከየት ይከፍላል? እስራትን ካልፈራ ምን ይፈራል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ከእስር ቤት ይልቅ ከሽምግልናችን እፈልገዋለሁ። በባህላችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ በሽማግሌ ፊት ይቆማል። ይቅርታው በጓዳ አይጠየቅም፤ ነገሩ የተሰማው በአደባባይ ከሆነ የሚታረመውም በአደባባይ ነው። ለዚህ ኪስ አያስፈልግም፤ ዕፍረቱም ከመቀጮ ይከብዳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ይህን ጥበብ አልዘነጋውም። ዳኛው የጎደፈውን ስም የሚያድስ ማስታወቂያ በአጥፊው ወጪ እንዲወጣ ለማዘዝ ሥልጣን ተሰጥቶታል። የሚያሳዝነው ስለ ካሳና ስለ እስራት ስንከራከር ይህን ሥልጣን የሚያስታውሰው ጥቂት መሆኑ ነው።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። እስራቱ ለጋዜጠኛው እንደ ቀረ ለሁሉም ይቅር። የአንድ ሺህ ብሩ አጥር ይፍረስ፤ ዳኛው ጉዳቱን መዝኖ ይወስን። ከሁሉ በላይ ግን ማረሚያው ዋነኛው ፍርድ ይሁን፤ ሐሰቱ በተነገረበት ቦታ፣ በዚያው መጠን፣ ወሬው ሳይበርድ። ለዚህ ደግሞ ነገሩን በዓመት ሳይሆን በሳምንታት የሚቆርጥ ችሎት ያስፈልጋል። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ነውና ለተበዳዩ እያንዳንዱ ቀን ይቆጠራል።

ያችን እንጀራ ጋጋሪ ምን ትፈልጊያለሽ ብለን ብንጠይቃት የጎረቤቷን መታሠር የምትመርጥ አይመስለኝም፤ የእሱም ልጆች ከልጆቿ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ። አንድ ሺህ ብሩም የአንድ ከረጢት ጤፍ ዋጋ አይሸፍንላትም። የምትፈልገው ያው ሰው፣ በዚያው ገጽ፣ ለእነዚያው ሰዎች «እንጀራዋ ንጹሕ ነው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» ብሎ እንዲጽፍ ነው። ይህን በፍጥነት ሊያስደርግላት የሚችል ሕግ ሲኖረን ያን ጊዜ ስሟን ጠበቅንላት እንላለን።