የአንዲት ሴኮንድ ክርክር

በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በቬርሳይ ከተማ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የመለኪያዎች ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ውሳኔ አሳለፈ። ነገሩ የአንዲት ሴኮንድ ጉዳይ በመሆኑ፥ ከጦርነትና ከገበያ ወሬ አጠገብ ሲቀርብ ኢምንት መስሎ ታየና ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ዳሩ ግን ሰዓታችንን ፀሐይ ታዝዘው ወይስ መሣሪያ የሚል ጥያቄ ያለበት ስለ ሆነ፥ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልናብራራው ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፥ ካልተገለጸ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

መሬት በዛቢያዋ ላይ የምትሽከረከርበት ፍጥነት ከጥንት ጀምሮ እየቀነሰ መጥቷል። ዋናዋ ምክንያት ጨረቃ ናት። ጨረቃ የውቅያኖስን ውሃ ስትስብ፥ ውሃው ከባሕሩ ወለል ጋር እየተፋተገ እንደ ፍሬን መሬትን ይይዛታል። በዚህም የተነሣ ቀኑ በየመቶ ዓመቱ ወደ 2 የሚጠጋ የሴኮንድ ሺህኛ እጅ ይረዝማል። ይህ ምን ቁም ነገር አለው የሚል ቢኖር፥ የባቢሎን ሰዎች በሸክላ ላይ ጽፈው የተዉትን የፀሐይና የጨረቃ ግርዶሽ ይመልከት። ቀኑ ሁልጊዜ የዛሬውን ያህል ረዝሞ ቢሆን ኖሮ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት የታዩት ግርዶሾች ከተመዘገቡበት ጊዜ ከ5 ሰዓት በላይ ይዛነፉ ነበር። ጥቂቱ ሲጠራቀም እንዲህ ነው።

ከዚህ ሩቅ ወደ ሆነው ዘመን ስንሻገር፥ ጆን ዌልስ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ1963 ወደ ድንጋይነት የተለወጠ የጥንት ኮራል መርምሮ ነበር። ኮራል እያደገ ሲሄድ በየቀኑ አንድ ቀጭን መሥመር ያበጃል። ሊቁ መሥመሮቹን ቢቈጥር፥ ከ380 ሚሊዮን ዓመት በፊት አንድ ዓመት 400 ያህል ቀኖች እንደ ነበሩት አገኘ። የዓመቱ ርዝመት እምብዛም አልተለወጠም፤ አንዱ ቀን ግን 22 ሰዓት ገደማ ነበረ ማለት ነው።

የአቶሚክ ሰዓት ስለ ፀሐይ ምንም አያውቅም። ስለዚህ ከመሬት ጋር እንዲስማማ ከ1972 ጀምሮ 27 ጊዜ አንዳንድ ሴኮንድ ተጨምሮበታል። የመጨረሻዋ የተጨመረችው በአገራችን አቈጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ አብዛኞቻችን ተኝተን አለፈችን። ኮምፒዩተሮች ግን አይተኙም። በ2012 በተጨመረችው ሴኮንድ በርካታ የኢንተርኔት አገልግሎቶች ተሰናክለው ነበር።

የሚያስገርመው፥ መሬት በቅርብ ዓመታት ፈጠን ማለቷ ነው። ሐምሌ 5 ቀን 2024 የዋለው ቀን ከ24 ሰዓት በ1.66 የሴኮንድ ሺህኛ እጅ ያጠረ ሆኖ ተለካ። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ፥ በመሬት እምብርት ያለው ፈሳሽ ብረት ዝግ ሲል የላይኛው ክፍል መፍጠኑ ነው። እንዲህ ከቀጠለ አንዲት ሴኮንድ መቀነስ ሊያስፈልግ ነው፤ ይህንን ደግሞ እስከ ዛሬ ማንም ሞክሮት አያውቅም። ዳንካን አግኒው በ2024 ባወጣው ስሌት፥ የግሪንላንድና የአንታርክቲካ በረዶ እየቀለጠ ወደ ምድር ወገብ ስለሚፈስ፥ እጁን ዘርግቶ እንደሚሽከረከር ልጅ መሬትን ያዘገያታል፤ በ2026 ሊመጣ ይችል የነበረውም ቅነሳ ወደ 2029 ተገፍቷል ይላል። የአየሩ መሞቅ ሰዓታችን ድረስ መግባቱ አሳሳቢ ነው።

የቬርሳይ ጉባኤም እስከ 2035 ድረስ በሰዓትና በፀሐይ መካከል ያለው ልዩነት ከአሁኑ ወሰን ከፍ እንዲል ፈቀደ። እኛ ውሳኔውን እንደግፋለን። አዲስ አበባ ላይ እንኳ ሰዓታችን ለ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ የተስተካከለ በመሆኑ፥ ፀሐይ እኩለ ቀን የምትደርሰው በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ላይ ነው፤ በዚህም የተጐዳ አላየንም። የአንድ ደቂቃ መዛነፍ ምን ይጨምርብናል? ብቻ በዩልዮስ አቈጣጠር በያመቱ ቸል የተባለችው 11 ደቂቃ ተጠራቅማ፥ አውሮፓውያን በ1582 አሥር ቀን ሰርዘው እንደ ነበር ጉባኤው ሊያስብበት ይገባዋል። ልዩነቱ ስንት ሲደርስ እንደሚታረም በ2022ቱ ስብሰባ አልተቈረጠም ነበርና።