ሐኪሙ ይቅረብ፤ እውነቱም ይነገር

የአንድ አገር የጤና ጥበቃ ሥራ የሚመዘነው በዋናው ከተማ በቆመው ሆስፒታል ትልቅነት አይደለም። ከመኪና መንገድ ርቃ የምትኖር ነፍሰ ጡር ምጥ ሲይዛት ማን ይደርስላታል? ወረርሽኝ ሲገባስ መጀመሪያ ያየው ሐኪም ያየውን እንዲናገር ይፈቀድለታል ወይ? መመዘኛዎቹ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ቻይና ከሰባ ዓመት በላይ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሰጠችው መልስ፥ መልካሙም ክፉውም፥ ለእኛ ለተማሪዎች ትልቅ ትምህርት ይሆነናል።

እ.ኤ.አ. በ1949 የሕዝብ ሪፑብሊኩ ሲመሠረት ሐኪሙም ሆስፒታሉም በከተማ የተከማቸ ነበር። ገበሬውን ወባ፥ ቢልሃርዝያና የሳንባ ነቀርሳ ይፈጁት ነበር። በ1965 ማኦ ሴቱንግ የጤና ሚኒስቴሩ የሚያገለግለው ከተሜውን ብቻ ነው ብለው በብርቱ ከወቀሱ በኋላ ሥራው ፊቱን ወደ ገጠር አዞረ። የገበሬ ልጆች ለጥቂት ወራት እየሠለጠኑ ‹‹የባዶ እግር ሐኪሞች›› ተባሉ። እነዚህ ከጎረቤቶቻቸው ጋር እያረሱ ክትባት ይሰጣሉ፤ የጉድጓድ ውሃና መጸዳጃ ይቆጣጠራሉ፤ ቀላሉን በሽታ ያክማሉ፤ የከበደውን ወደ ላይ ይልካሉ። በ1970ዎቹ ቁጥራቸው ከ1 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ወጪው የሚሸፈነው እያንዳንዱ ቤተሰብ በሚያዋጣው ጥቂት ገንዘብና በመንደሩ የጋራ ገቢ ነበር፤ በእኛ አገር ዕድር ለቀብር እንደሚያደርገው፥ እዚያ መዋጮው ለሕክምና ዋለ ማለት ነው።

ይህን ስንል ዘመኑን ለማወደስ አይደለም። የባዶ እግር ሐኪም ዕውቀቱ ውስን ነበር። በዚያው በባህል አብዮት ዘመን ብዙ የተማሩ ሐኪሞች ተዋርደዋል፤ ከሥራቸውም ተባርረዋል። ከዚያም አስቀድሞ ከ1959 እስከ 1961 በደረሰው ረሀብ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ አልቋል፤ ወሬውም ተሸሽጓል። ቢሆንም ሐኪሙን ወደ ሕዝቡ የማቅረቡ አሳብ ትክክል ነበር። በ1978 በአልማ አታ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ስለ መሠረታዊ ጤና ሲያውጅ ከፊቱ ከነበሩት ምሳሌዎች አንዱ የቻይና ገጠር ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጋራ እርሻው ሲፈርስ መዋጮውም አብሮ ፈረሰ። በ1985 ‹‹የባዶ እግር ሐኪም›› የሚለው ስም ራሱ ቀረ። መንግሥት ድጎማውን እየቀነሰ፥ ሆስፒታሎች በመድኃኒት ላይ እስከ 15 በመቶ ትርፍ ጨምረው እየሸጡ ራሳቸውን እንዲችሉ ተዋቸው። የሐኪሙ ገቢ በሚሸጠው መድኃኒት ላይ ሲንጠለጠል ለጉንፋኑም መርፌ ማዘዝ ተለመደ። በ2001 ገደማ ከጠቅላላው የሕክምና ወጪ 60 በመቶ ያህሉ የሚወጣው ከበሽተኛው ኪስ ነበር። በ1990ዎቹ በሄናን ክፍለ ሀገር ደማቸውን የሸጡ ድሆች ገበሬዎች ከዚህ የባሰ ደረሰባቸው። የብዙ ሰው ደም ተቀላቅሎ ፕላዝማው ከተወሰደ በኋላ ቀሪው ተመልሶ ስለተሰጣቸው ኤች አይ ቪ በየመንደሩ ገባ። ይህን ያጋለጡት ጡረተኛዋ ሴት ሐኪም ዶክተር ጋኦ ያኦጂየ ክትትሉ በዝቶባቸው ተሰደዱ፤ በ2023ም በኒውዮርክ አረፉ።

በ2003 ሳርስ የተባለው በሽታ ቤጂንግ ሲገባ ባለሥልጣኖቹ የበሽተኛውን ቁጥር አሳንሰው ነገሩ። እውነቱን ጽፈው ያወጡት ዶክተር ጂያንግ ያንዮንግ የተባሉ የጦር ሠራዊት ሐኪም ናቸው። የጤና ሚኒስትሩና የከተማው ከንቲባ ተሻሩ። በዋናው የቻይና ምድር 349 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት መንግሥት አዲስ የገጠር ሕክምና መዋጮ ጀመረ፤ በ2011 ከ95 በመቶ የሚበልጠው ሕዝብ የሕክምና መድን ነበረው። ኪሱ ታሰበለት፤ አፉ ግን አልተፈታም። በ2019 መጨረሻ ዶክተር ሊ ዌንሊያንግ በዉሃን ስለታየው አዲስ በሽታ የሙያ ጓደኞቻቸውን ቢያስጠነቅቁ ፖሊስ ጠርቶ ‹‹ሐሰት አውርተሃል›› በሚል አስፈረማቸው። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2020 በዚያው በሽታ ሞቱ። ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም›› የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለመንግሥትም የተነገረ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ የሚቀር አይደለም። እኛም እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በየቀበሌው ሁለት ሁለት አድርገን ስንልክ የተከተልነው ይህንኑ የመቅረብ መንገድ ነው። ነገር ግን በ2017 በሶማሌ ክልል ብዙ ሕዝብ የጎዳው በሽታ በመንግሥት መግለጫ ኮሌራ መባሉ ቀርቶ ‹‹አተት›› እየተባለ ሲጠራ ምን ተሰማን? ስም በመለወጥ የዳነ በሽተኛ የለም።

ስለዚህ ገጠር የሚላክ ሐኪም መድኃኒትና ደመወዝ ሳይጓደልበት ይላክ፤ ወረርሽኝ አየሁ ብሎ የተናገረ ባለሙያ ሕግ ይጠብቀው። የሕክምና ተማሪዎች ሆይ፥ ነገ የምትለብሱት ነጭ ካፖርት የከተማ ጌጥ እንዳይሆን አደራ! የሕግና የአስተዳደር ተማሪዎችም ነገ ሪፖርቱ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲያርፍ ቁጥሩን አታሳንሱ። ሐኪሙ ቀርቦ እውነቱ ከራቀ ሕዝቡ አልታከመም፤ እውነቱም ተነግሮ ሐኪሙ ከራቀ አልዳነም።