ወንፈል በመሮጫ ሜዳ፦ ኮከቦቻችን ተባብረው ይሩጡ ወይስ እያንዳንዱ ለራሱ?

የእህቴ ልጅ አዳማ ነው የሚማረው። ቅርጫት ኳስ እንደ ነፍሱ ነው። ባለፈው ለእረፍት ጮሌ መጥቶ እራት ላይ፣ «አጎቴ፣ ዱራንት ያደረገው ነውር ነው ወይስ ብልጠት?» አለኝ።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። እ.አ.አ. በ2016 ኬቨን ዱራንት የሚጫወትበት ኦክላሆማ ሲቲ ጎልደን ስቴትን 3 ለ 1 ከመራ በኋላ 4 ለ 3 ተሸንፎ ወደቀ። ጎልደን ስቴት በዚያ ዓመት በመደበኛው ውድድር ከ82 ጨዋታ 73ቱን ያሸነፈ ቡድን ነበር። ዱራንት ክረምቱ ሳያልቅ ወዳሸነፉት ሰዎች ተቀላቀለ። እ.አ.አ. በ2017 እና በ2018 ዋንጫ ወሰዱ። ከእሱ በፊት ሌብሮን ጄምስ በ2010 ወደ ማያሚ ሄዶ ከድዌይን ዌድና ከክሪስ ቦሽ ጋር ተጣምሮ፣ በአራት ዓመት አራት ፍጻሜ ደርሶ ሁለት ዋንጫ በልቷል። አሜሪካኖቹ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቁበታል። ግማሹ «ጀግና ብቻውን ያሸንፋል» ይላል፤ ግማሹ «ዋንጫ ዋንጫ ነው» ይላል።

እኔ የልጁን ጥያቄ ስሰማ ትዝ ያለኝ ሌላ ምሽት ነው። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ የአቴንስ ኦሎምፒክ 10 ሺህ ሜትር። ክረምቱ ጭቃ፣ ብርዱ አጥንት የሚገባ፣ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ አንዲት ቴሌቪዥን ፊት ተጠቅጥቆ። ከፊት ቀነኒሳና ስለሺ። ኃይሌ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ተረከዙን ታሞ ነው የመጣው። ሁለቱ ልጆች ፍጥነታቸውን ቀንሰው እየዞሩ ያዩታል። ይጠብቁታል! በኦሎምፒክ ፍጻሜ! ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «እሰይ የእናት ልጅ» ይላል፣ ሌላው «ምን ነካቸው፣ ወርቁ ሊያመልጠን ነው» እያለ ይጮሃል። በኋላ እንደማይመጣ ሲያውቁ ለቀቁት። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ ነሐስ፣ ኃይሌ አምስተኛ።

ያን ሌሊት ወደ ቤት ስንመለስ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ያሉት ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። «ወንፈል ነው የመለሱለት፤ አምና አርሶላቸዋል» አሉ።

ከተማ ለተወለዳችሁ ላስረዳ። በደቦ ባለቤቱ ጠላውንና ምግቡን ያዘጋጃል፣ ሰው መጥቶ ይረዳዋል፣ በዚያው ያልቃል። ወንፈል ግን ሒሳብ አለው። ዛሬ ያንተን ካጨድኩ በሌላ ቀን የኔን ታጭዳለህ። በኦሮምኛ አንዱ ዳቦ፣ ሌላው ዳዶ ይባላል፤ ሁለቱን የሚያምታታ ገበሬ የለም። (አሁን በየስንዴው ማሳ ኮምባይነር ገብቶ አጨዳው ቀርቷል፤ ቃሉ ግን አልቀረም።)

ሽማግሌው «አምና» ያሉት የፓሪሱን የዓለም ሻምፒዮና ነው። ነሐሴ 18 ቀን 1995። የ10 ሺህ ሜትሩ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ማለትም የመጨረሻው 5 ሺህ ሜትር፣ በ12 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ተሮጠ። በዚያ ዘመን በ5 ሺህ ሜትር ውድድር ብቻውን የሚያስከብር ሰዓት ነው። ኃይሌ ከፊት ሆኖ ሲጎትት የሌላው ዓለም ሯጭ አንድ በአንድ ተራገፈ፤ መጨረሻ ላይ ሦስት ኢትዮጵያውያን ብቻ ቀሩ። ከዚያ የ21 ዓመቱ ቀነኒሳ ወጣና አሸነፈ፤ ኃይሌ ሁለተኛ፣ ስለሺ ሦስተኛ። የአሰላው ጎትቶ የበቆጂው አጨደ። ኃይሌ ያን ዕለት በአዝጋሚ ሩጫ ለመጨረሻው ዙር ራሱን ቢቆጥብ ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? የሚያውቅ የለም። ግን ሌሎችም እስከ መጨረሻው አብረውት ይመጡ እንደነበር ግልጽ ነው።

ይህ ከኃይሌም በፊት የነበረ ነገር ነው። ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ምሩጽ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ እየተፈራረቁ ፍጥነቱን እያፈኑና እየለቀቁ ፊንላንዳውያኑን ላሴ ቪረንንና ካርሎ ማኒንካን እረፍት ነሷቸው። ምሩጽ 300 ሜትር ሲቀረው ተወነጨፈ። ማኒንካ ሁለተኛ፣ መሐመድ ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ፣ ቪረን አምስተኛ። የሰባት ዓመቱ ኃይሌ ይህን በሬዲዮ የሰማ ልጅ ነው። የምሩጽን ስም ሁላችንም እናውቃለን። የቶሎሳን ስም ከእናንተ መካከል ስንቶቻችሁ ታውቁት ነበር?

የኔ አቋም እዚህ ላይ ነው። ኮከቦች ተባብረው መሮጣቸው ነውር የለበትም፤ ያለ እሱ ብዙ ወርቅ አናይም ነበር። ነውሩ ወንፈሉን ደቦ ስናደርገው ነው። ሰው ጉልበቱን ሰጥቶ፣ ብድሩ የሚመለስበት ቀን ሳይኖር።

ስለሺ ስህንን ተመልከቱ። በኦሎምፒክ አቴንስ ብር፣ ቤጂንግ ብር። በዓለም ሻምፒዮና ፓሪስ ነሐስ፣ ሄልሲንኪ ብር፣ ኦሳካ ብር። አምስት ትልልቅ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜዎች፣ አምስት ሜዳሊያ፣ አንድም ወርቅ የለም። በአራቱ ብር ጊዜ ሁሉ ከፊቱ የገባው የራሱ ሰው ቀነኒሳ ነው። ሄልሲንኪ ላይ በመካከላቸው የነበረው ግማሽ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ቀነኒሳ በችሎታ ይበልጥ ነበር፤ አይካድም። ግን ለአምስት ዓመት አብሮት የሮጠ፣ አብሮት የጎተተ ሰው «ሁለተኛው ልጅ» ተብሎ ሲቀር፣ ሕዝባችን ለዚያ ሥራ ስም እንኳ አላወጣለትም።

አሁን የተቃራኒውን ወገን ልስማ፤ ቀላል ክርክር አይደለምና። «ሯጭ የሚሮጠው ለራሱ ነው፤ ፉክክሩ ነው ያነገሠን» የሚሉ አሉ። ማስረጃቸውም ጥሩነሽና መሠረት ናቸው። ሁለቱ ተጣምረው አልሮጡም፤ ተፎካከሩ። አቴንስ 5 ሺህ መሠረት፣ ቤጂንግ ጥሩነሽ፣ ለንደን እንደገና መሠረት። ከፉክክሩ ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ ወጣ፤ የሁለቱን ሩጫ እንደዚያ ትንፋሻችንን ይዘን ያየነውም ማን እንደምታሸንፍ ስለማናውቅ ነው። ቡዳፔስት 2023ንም ይጠቅሳሉ። ጉዳፍ፣ ለተሰንበትና እጅጋየሁ በ10 ሺህ ከአንድ እስከ ሦስት ሲገቡ እስከ መጨረሻው ዙር ሩጫው አዝጋሚ ነበር፤ ማንም ለማንም አልጎተተም። (ሲፋን ሀሰን ጥቂት ሜትር ሲቀራት ባትወድቅ ግን ሥዕሉ ሌላ ይሆን ነበር። ይህን ዘለው ነው የሚነግሩን።)

ክርክራቸው ውስጥ እውነት አለ። ጉልበትህ ከሌላው በግልጽ ሲበልጥ ወንፈል አያስፈልግህም፤ ለየብቻ ሮጠህ ሦስቱንም ታፍሳለህ። ችግሩ ያ ዘመን እያለፈ ነው። በለንደን 2012 ሞ ፋራህ ወርቅ ሲወስድ ብሩን የወሰደው አሜሪካዊው ጋለን ረፕ ነበር። ባንዲራቸው ሁለት፣ አሠልጣኛቸው አንድ፤ ኦሪገን አብረው የሚለማመዱ ባልንጀሮች ነበሩ። ታሪኩ በቀለ ነሐስ፣ ወንድሙ ቀነኒሳ አራተኛ። ማለትም መጣመር የኛ ብቻ ብልሃት መሆኑ ቀርቷል።

መጣመርም ብቻውን አይበቃም። ቤጂንግ 2015 ላይ ሦስት ኬንያውያን ፋራህን ለማድከም እየተፈራረቁ ሮጡ፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ወጡ። ፋራህ አሸነፈ። ዱራንትም ከጎልደን ስቴት በኋላ ብሩክሊን ሄዶ ከካይሪ ኧርቪንግና ከጄምስ ሃርደን ጋር ሲጣመር፣ እዚያ በቆየበት ጊዜ ቡድኑ በጥሎ ማለፍ ያሸነፈው አንድ ዙር ብቻ ነው። ኮከብ መደርደር ሌላ፣ ማን ለማን እንደሚሠራ መነጋገር ሌላ።

ለዚህ ነው ሐምሌ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. የፓሪሱ ኦሎምፒክ 10 ሺህ ሜትር እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። በሪሁ፣ ዮሚፍና ሰለሞን እየተፈራረቁ ከፊት ጎተቱ። ውድድሩ እሳት ሆነ፤ ቀነኒሳ ቤጂንግ ላይ ያስመዘገበውን የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን 13 ሰዎች ሰበሩት። ወርቁን ግን ከኋላ ተቀምጦ የመጣው ኡጋንዳዊው ቼፕቴጌ ወሰደ። በሪሁ በ30 መቶኛ ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ፣ ዮሚፍ ስድስተኛ፣ ሰለሞን ሰባተኛ። ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው አንድ ሰከንድ ተኩል እንኳ የለም። ሦስቱም ጎተቱ፣ ሦስቱም ማሸነፍ ፈለጉ። እኔ ከሜዳ ያየሁትን ነው የምናገረው፤ ሦስት ሰው ሦስት ማሳ እኩል ሊያጭድ ወጥቶ ዝናብ የደረሰበት ነው የመሰለኝ። ሁለቱ እስከ 8 ሺህ ሜትር ሁሉን አውጥተው አንዱ ብቻ ቢቆጠብ ያ 30 መቶኛ አይገኝም ነበር?

በዓመቱ ቶኪዮ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ማንም አልጎተተም። የወንዶቹ 10 ሺህ ከ28 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ በላይ ፈጀ። ፈረንሳዊው ጂሚ ግሬሲዬ በመጨረሻ ሩጫ ወርቁን ነጠቀ፣ ዮሚፍ ሁለተኛ። እንዲያ ባለ አዝጋሚ ሩጫ ከአውሮፓውያን ጋር እኩል ዕድል ይዘህ ነው የምትጨርሰው።

ለምን ማንም አይጎትትም? አትሌቱን ከመውቀሳችን በፊት ሒሳቡን እንይ። በዓለም ሻምፒዮና ወርቅ 70 ሺህ ዶላር ነው፣ ብር 35 ሺህ፣ ነሐስ 22 ሺህ። ከስምንተኛ በኋላ የገባ ምንም አያገኝም። ስድስት ኪሎ ሜትር ነፋስ ሰብሮ አሥረኛ የወጣ ልጅ ባዶ እጁን ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው። ከገበሬ ቤት የወጣ፣ እናትና ታናናሾቹ የሚጠብቁት ልጅ ነው። «ለአገርህ» ማለት ለኛ ቀላል ነው፤ ከሶፋ ላይ። በቅርጫት ኳስ ዋንጫ ሲገኝ ተቀያሪውም ቀለበቱን ያደርጋል። በቱር ደ ፍራንስ አሸናፊው የሽልማት ገንዘቡን ለጎተቱት ጓደኞቹ የማካፈል ልማድ አለው። እኛ ጋ ሁሉም ነገር በአትሌቱ ቸርነት ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ካምፕ ሲገባ፣ በፈቃደኝነት፣ ማን እንደሚጎትትና ማን እንደሚቆጠብ በወረቀት ይፈረም። የማይፈልግ አይገደድ፤ ለራሱ ይሩጥ፣ አይወቀስም። የፈረመው ግን ከፌዴሬሽኑ ቢያንስ የነሐስ ያህል ይከፈለው፤ አሸናፊውም ድርሻ ያውጣ። የዓለም ሻምፒዮን ያለው አገር በቀጥታ በሚያልፈው ሻምፒዮን ምክንያት አራት ሰው ማሰለፍ ይችላል፤ ያ አራተኛ ቦታ ለዚህ የተሠራ ነው። በኦሎምፒክ ሦስት ሰው ብቻ ስለሆነ እዚያ ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ ግን ፓሪስም ሦስት ነበሩ።

«ይህ ሩጫውን ቲያትር ያደርገዋል» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ኃይሌ በ1995 ሲጎትት ቲያትር ነበር? ያኔ ያለቀስን ሁሉ ዛሬ ለምን እንደሚያፍር አይገባኝም።

ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ስለሺ ስህን ነው። አቴንስ ላይ ከቀነኒሳ ጎን ሆኖ ወደ ኋላ ሲዞር ያየነው ያው ሰው። የሚቀጥለው የዓለም ሻምፒዮና በ2027 ቤጂንግ ነው፤ እሱ የመጨረሻውን የኦሎምፒክ ብሩን ያጠለቀባት ከተማ። ወረቀቱን ለመጻፍ ጊዜ አለው።