ከ48 ሰዓታት በኋላ፦ በሥራ ላይ የሚጎዱ ሠራተኞች ሕክምና በታላቋ ካይሮ

በታላቋ ካይሮ አንድ የግንባታ ሠራተኛ ከፎቅ፣ አንዲት የቤት ሠራተኛም መስኮት ስታጸዳ ከመሰላል ቢወድቁ፣ ሁለቱም በ123 ስልክ ቁጥር የሚጠራው አምቡላንስ ይደርስላቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሕግ በመካከላቸው ልዩነት አያደርግም። ልዩነቱ የሚታየው አስቸኳዩ ሕክምና ሲያበቃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቀው የግብፅ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ላይ፣ በአስቸኳይ ሁኔታ ወይም ሕይወት አደጋ ላይ በወደቀ ጊዜ ለማንኛውም ሰው ሕክምና መንፈግን በወንጀል ያስጠይቃል። አንቀጹ በዚህ ስፍራ «ሰው» እንጂ «ዜጋ» አይልም። በዚያው ዓመት የወጣው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ውሳኔ ቁጥር 1063 ደግሞ የመንግሥት፣ የዩኒቨርሲቲና የግል ሆስፒታሎች ለመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት አስቸኳይ ሕክምና በነፃ እንዲሰጡ ያዛል። ከዚያ በኋላ ታካሚው በራሱ ወጪ ይቆያል፤ አለዚያም ወደ መንግሥት ሆስፒታል ይዛወራል።

ከዚህ በኋላ ወሳኙ ኢንሹራንስ ነው። በማኅበራዊ ዋስትናና ጡረታ ሕግ ቁጥር 148/2019 መሠረት የግል አሠሪ ለሥራ ላይ ጉዳት ከደመወዙ 1.5 በመቶ ይከፍላል፤ ለዚህ መድን ከሠራተኛው አይቆረጥም። ዋስትና የተገባለት ሠራተኛ ሕክምና ያገኛል፤ ከሥራ በቀረበትም ጊዜ የደመወዝ ምትክ ይከፈለዋል። በመርህ ደረጃ የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም።

የቤት ሠራተኛዋ መንገድ ግን ሌላ ነው። ከመስከረም 1 ቀን 2025 ጀምሮ የጸናው የሥራ ሕግ ቁጥር 14/2025፣ እንደ ቀዳሚው ሕግ ቁጥር 12/2003 ሁሉ፣ የቤት ሠራተኞችን ከወሰኑ ውጭ ትቷቸዋል። ለእነርሱ የሚቀረው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 163 ነው፤ በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያስገድዳል። ሆኖም ጥፋቱን የማስረዳት ሸክም በተጎጂዋ ላይ ይወድቃል። በአንድ ቤት ውስጥ፣ ያለ ምስክር ለደረሰ አደጋ ይህ እጅግ ከባድ ነው። ክፍተቱ የግብፅ ብቻ አይደለም፤ የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የግል አገልግሎት ቅጥርን ለተለየ ደንብ ትቶታል።

አጠቃላይ የጤና መድን ሕግ ቁጥር 2/2018 ክፍተቱን ይሞላዋል ማለትም ጊዜው ገና ነው። ሥርዓቱ በ2019 በፖርት ሰዒድ ተጀምሮ በደረጃ የሚስፋፋ ሲሆን፣ ካይሮ፣ ጊዛና ቀልዩቢያ የተመደቡት በመጨረሻው ምዕራፍ ነው።

ስለዚህ እስከዚያው ድረስ ማስረጃ ትልቅ ዋጋ አለው። በሆስፒታሉ የሕክምና ሪፖርት ላይ ጉዳቱ የደረሰበት ቀን፣ ስፍራና ምክንያት ሊጻፍ ይገባል፤ በዐረብኛ «ኢሳበት ዐመል» የሚለው ሐረግ የሥራ ላይ ጉዳት ማለት ነው። የሪፖርቱን ቅጂ መያዝም ይበጃል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 172 መሠረት የካሣ ክስ ጉዳቱና ኃላፊው ከታወቁ ከሦስት ዓመት በኋላ በይርጋ ይታገዳልና።

የሥራ ሚኒስቴር ለቤት ሠራተኞች የተለየ ሕግ እያዘጋጀ መሆኑን አስታውቋል። የዚያ ሕግ ፋይዳ ከሁሉ በፊት የሚለካው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ከ48ኛው ሰዓት በኋላ የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍነው ማን ነው?