ጓሳን ማን ይክፈተው?

የግጦሽ ፈረቃ ነገር በተነሣ ቁጥር ካርታ ይዘረጋል። ተራራው በአራት በአምስት ይሸነሸናል፣ ለየክፍሉ ወር ይመደባል፣ ሽቦ ይታጠራል። አይከፋም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ «ዛሬ ከብት አይገባም» ብሎ የሚከበረው ማነው?

መንዞች ለዚህ መልስ ካበጁለት ከ300 ዓመት በላይ ሆኗል። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም የሚሰፋው የጓሳ ሣር ምድር የቀደምት አባቶቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች የጋራ ሀብት ነበር። ተወላጆቹ አባ ቄራ የሚሉትን አለቃ ይመርጡ ነበር። እሱ ሲዘጋው ሣሩ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ማጭድም የከብት አፍም ሳይነካው ይከርም ነበር። ጥበቃው በተራ ነበር። የሚከፈተው በበጋ፣ መኖ በሚያጥርበት ሰሞን ሲሆን ቀኑ በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገር ነበር። ሐምሌ ላይ በሐዋርያት በዓል ይዘጋ ነበር። መዝጊያውን ከበዓል ጋር ማሰራቸው ደስ ይለኛል፤ አልሰማሁም ማለት አይቻልማ!

ክረምት ለመዝጊያ የተመረጠው በዋዛ አይደለም። መሬቱ ጭቃ ስለሆነ ሰኮና ይደፈጥጠዋል፤ ለጋው ደጋግሞ የተነጨ ሣርም ሥሩ ይመነምናል። ደግሞ የጓሳ ሣር የበግ መኖ ብቻ አይደለም፤ የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ እረኛው ዝናብ የሚከላከልበት ገሳ ነው። ጎብኚ የሚመጣው ለቀይ ቀበሮና ለጭላዳ ነው፤ ቀበሮው ግን የሚኖረው ሣሩ ውስጥ ባለው አይጥ ነው።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የዘር መብቱን ሲሽር አባ ቄራም አብሮ ወደቀ። ለዘር መብቱ አላለቅስም፤ ከአስቦም ከጌራም ያልተወለደ ጎረቤት ዳር ቆሞ ሲያይ ኖሯል። ክፋቱ፣ የመዝጋት ሥልጣኑን በወጉ የተረከበ አልነበረም፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ማኅበረሰቡ ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መለሰ።

በልግ በቀረ ዓመት «ለዘንድሮ ብቻ እንክፈተው» የሚል አይጠፋም፤ የቸገረው ሰው ጥያቄ ነውና አይናቅም። መልሱን መስጠት ያለበት ግን የራሱ በጎች ደጁ ላይ የሚጮኹበት ሰው ነው እላለሁ። ባለሙያው ሣሩን ይለካ፣ ይምከር፤ ወረዳውም ደንብ የጣሰውን በመቅጣት ይተባበር። የመክፈቻውን ቀን ለመንዜዎቹ ይተዉላቸው።