የቸርኬ ልክ

አማርኛችን ለመጠን፣ ለትክክለኛነትና ለወሰን አንድ ቃል ይበቃዋል፤ ልክ። ጫማ ልክ አለው፤ መልስ ልክ ይሆናል፤ ያበዛ ሰው ልኩን ያጣል፤ በአንደበቱ የደፈረንንም ልክ ልኩን እንነግረዋለን። ስለዚህ ስለ መኪና ቸርኬ ልክ መጻፌ ከሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ወግ መውጣት አይመስለኝም። ቸርኬ የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው፤ ሥሩም «ክብ» ማለት ነው። ጎማ፣ ሞላ፣ ፍሬን፣ መኪናም ጭምር በዚያው በር የገቡ ናቸው። ቃላቱን አልምደን የራሳችን አድርገናቸዋል፤ ስለ ልካቸው ግን ገና የተስማማን አልመሰለኝም።

አቋሜን ላስቀድም። ቤተሰብ የሚመላለስባት መኪና ፋብሪካው የሰጣትን ቸርኬ ይዛ ብትኖር መልካም ነው፤ መለወጥ ካለበትም ጭማሪው ከአንድ ኢንች አይለፍ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ጉዳዩን በቤታችን ያነሣው ታናሽ ወንድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራችው ቶዮታ ኮሮላችን የቤቱ ሁሉ እግር ናት፤ እናታችንን ወደ ሐኪም፣ ልጆቼን ወደ ትምህርት ቤት፣ የጤፉን ጆንያ ከእህል በረንዳ ወደ ቤት ታመላልሳለች። ወንድሜ ሶማሌ ተራ ላይ የሚያብረቀርቅ ባለ 17 ኢንች ቸርኬ አይቶ ልቡ ሸፈተ። «ጋሼ፣ ይቺ መኪና እኮ ያረጀችው በጎማዋ ነው» አለኝ። አባባሉ ደስ ይላል፤ እውነትም አለበት። መኪና ጫማዋ ሲያምር ወጣት ትመስላለች። እኔ የጠየቅሁት ግን ሌላ ነው፤ በዚያ ውበት ላይ የሚቀመጠው ማን ነው?

በጎማችን ጎን ላይ 195/65 አር 15፣ ቀጥሎም 91 የሚል ጽሑፍ አለ። 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ ሲሰላ 127 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። «አር» ራዲያል የሚባለውን አሠራር ያመለክታል፤ 15 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ወንድሜ ለመረጠው ቸርኬ የሚስማማው ጎማ 215/45 አር 17 ነው፤ የዚህ ጎን ከፍታ ወደ 97 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ቸርኬው ሲያድግ የጎማው ጎን ማጠር አለበት፤ አለዚያ ጠቅላላ ቁመቱ ይለወጣል። ስፋቱንና 65 በመቶውን እንደያዝን ወደ 17 ብንሻገር ጎማው በ8 በመቶ ይገዝፋል፤ መሪ ሲጠመዘዝ ከፓራፋንጎው ጋር ይፋተጋል፤ ፍጥነት መለኪያውም 100 ሲል መኪናዋ በእውነቱ 108 ትሮጣለች። እንግዲህ ቸርኬ ማሳደግ ማለት በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ያለውን አየር መቀነስ ማለት ነው። በእኛ ቤት ሒሳብ 3 ሴንቲ ሜትር አየር ሊጎድል ነው።

ያ 3 ሴንቲ ሜትር የሚጎድለው ከእናታችን ወገብ ላይ ነው። የሰፈራችን ኮብልስቶን ከቦታው እየተነቀለ ጥርሱን እንዳጣ ድድ ሆኗል። በክረምት ደግሞ ጉድጓዱ ውኃ ስለሚሞላ ጥልቀቱን የሚያውቀው የገባበት ብቻ ነው። ጎኑ ረዘም ያለ ጎማ ምቱን ተጣጥፎ ይውጠዋል። ያጠረው ግን ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ ሞላው፣ ከሞላው ወደ ኋላ ወንበር ያሳልፈዋል። የተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ቸርኬ ተበይዶና ቀለም ተቀብቶ እንደ ጤነኛ ሲሸጥም አይቻለሁ፤ ላዩ ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ።

በአየር የሚሞላ ጎማን ሮበርት ቶምሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1845 አስመዝግቦት ነበር፤ ሥራው ግን ተረሳ። ዳግም የወለደው በቤልፋስት ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ለትንሽ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ብሎ ሠራው፤ በ1888 የፈጠራ መብት አገኘበት። ይህን ታሪክ የምወደው መነሻው ሸካራ መንገድ ላይ የሚንገጫገጭ አንድ ሕፃን ስለሆነ ነው። አባት ለልጁ ብሎ ያስገባውን አየር፣ አጎት ለጌጥ ብሎ ከልጆች ሥር ሲያስወጣው ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

የክብደቱም ነገር አለ። 91 የሚለው ቁጥር አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ግራም ይችላል ማለት ነው። በገበያ ላይ ካሉት የ215/45 አር 17 ጎማዎች አንዳንዶቹ 87 የተጻፈባቸው ናቸው፤ ይህም 545 ኪሎ ግራም ነው። በአራቱ ጎማዎች ሲደመር ልዩነቱ 280 ኪሎ ግራም ይሆናል። እርግጥ ሙሉ ጭነት የያዘች ኮሮላ 1,600 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነች በወረቀት ላይ 545ቱም ይበቃል። ነገር ግን ወረቀቱ ጎማው በተገቢው መጠን እንደተነፋ አድርጎ ነው የሚያስበው። ጎሚስታው በዓይኑ ገምቶ «ይበቃል» በሚልበት አገር ያንን ትርፍ አቅም ለጌጥ አልለውጠውም።

ወንድሜን ግን መበደል አልፈልግም። ጎኑ ያጠረ ጎማ ለመሪ ቶሎ ይታዘዛል፤ ጥምዝ ላይ አይዋልልም፤ ትልቅ ቸርኬም ለትልቅ ፍሬን ቦታ ይሰጣል። ብቻውን በአዳማው የክፍያ መንገድ የሚመላለስ ሰው ቢሆን ኖሮ አልከራከረውም ነበር። ውበትንም አላጣጥልም፤ ለግጥም ወዳጅ ውበትን ማናናቅ አያምርበትም። ዳሩ ግን ግጥምም ልክ አለው፤ ስንኙ ከምጣኔው ሲያልፍ ዜማው ይሰበራል።

አስታራቂው 205/55 አር 16 ነው። ጠቅላላ ዲያሜትሩ 632 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከቀድሞው 634.5 የሚለየው ከግማሽ በመቶ ባነሰ ነው፤ የጎኑ ከፍታ 113 ሚሊ ሜትር ይቀራል፤ 91 የተጻፈበትንም ማግኘት ይቻላል። ቸርኬው ግን በዲያሜትር ብቻ አይመረጥም። የእኛዋ ሞዞ አራት ቡሎን ያለው ነው፤ ቡሎኖቹ የቆሙበት ክብ 100 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ አምስት ቀዳዳውና 114.3 የሆነው ቸርኬ ቢያምርም አይገባም። የመሐል ቀዳዳውም 54.1 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ከሰፋ በልኩ የተሠራ ቀለበት ይግባበት፤ አለዚያ መሪው ይንቀጠቀጣል። ቸርኬው ከሞዞው ወደ ውጭ የሚወጣበትም መጠን ከፋብሪካው ብዙ አይራቅ፤ ከራቀ ኩሽኔታው ያለ ዕድሜው ያልቃል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ እንዲህ ያሉ አሮጌ መኪኖችን አክብሮ መያዝ ይበልጥ ተገቢ ሆኗል። የኤሌክትሪክ መኪና ለገዛም ምክሩ ያው ነው፤ ባትሪው ከባድ ስለሆነ የጎማውን የክብደት ቁጥር አብልጦ ይመልከት። ለሁሉም፣ ወደ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት የሾፌሩን በር ከፍታችሁ ምሰሶው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት አንብቡ። የጎማው ልክና የአየሩ መጠን ያለው እዚያ ነው።

መኪናን የሚያደንቅ ሰው ከውጭ ቆሞ ያያታል፤ ቤተሰብ ግን ከውስጥ ተቀምጦ ይጓዝባታል። ልኳን መወሰን የሚገባቸው ከውስጥ ያሉት ናቸው እላለሁ።

ቸር ይግጠመን።