ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ

የቱነይድባ ስደተኞች ካምፕ እህቶቼና ወንድሞቼ፣

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይሉ ነበር። ዳኛ አይቶት የሄደ ትልቅ ሀብት ይረሳል፤ በጉልበት የተነጠቀች ቁራሽ ግን እንቅልፍ ትነሳለች። እኛስ ስንት ጭብጦ ሄደብን? በገዳሪፍ የሰሊጥ እርሻ ሳሉግ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ሆነን አጭደን፣ በሒሳቡ ቀን «ነገ ና» ተብለን የተመለስን ስንት ነን? ስሟ ከራሽን ዝርዝር ወጥቶ «ለምን?» ብትል መልስ ያጣች እናት በእናንተ ብሎክ የለችም? ሁሉም በየድንኳኑ ያጉረመርማል። ማጉረምረም ግን መዝገብ አያስከፍትም።

«ስደተኛ ማንን ይከሳል?» የሚል አይጠፋም። ሱዳን የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1974 ተቀብላለች። የስምምነቱ አንቀጽ 16 ስደተኛ በሚኖርበት አገር ፍርድ ቤት፣ በሕግ ድጋፍም ጭምር፣ እንደ ዜጋው እንዲታይ ያዛል።

መንገዱ ግን ሜዳ አይደለም። ሱዳን የመዘዋወር ነፃነትን በሚደነግገው አንቀጽ 26 ላይ ተዓቅቦ አድርጋለች። የ1997ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥራ ሕጓም የእርሻ ጉልበት ሠራተኛውን ከጥበቃው ውጪ ትቶታል። ስለዚህ የደመወዝ ጥያቄያችን በዋናነት የውል ጥያቄ ይሆናል። ውሉ ደግሞ በቃል ነበር። በቃል የተዋዋለ ሰው ያለ ምስክርና ያለ ጽሑፍ ባዶ እጁን ነው።

የቀደሙንንም እናስታውስ። በደርግ ዘመን ወደ ሱዳን የተሰደዱ ወደ 14 ሺህ የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ጉዳይ፣ «ያለ ፈቃዳችን ልንመለስ ነው» በሚል አቤቱታ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ለአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ቀረበ። ውሳኔው የመጣው በ2009 ነው፤ ኮሚሽኑም ሱዳን ጥሰት አልፈጸመችም አለ። ከዚህ የምንማረው የኮሚሽኑ መቀመጫ ባንጁል ሩቅ መሆኗን ነው። ኮሚሽኑ በደንቡ መጀመሪያ የአገር ውስጡን በር አንኳኩታችኋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። የእኛ የመጀመሪያ በር እዚሁ ገዳሪፍ ነው።

የረቱም አሉ። የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በከተማ ያሉ ስደተኞች ወደ ካምፕ እንዲገቡ ሲያዝ፣ ኪቱዎ ቻ ሼሪያ የተባለው የሕግ ድርጅት ከስደተኞች ጋር ሆኖ ከሰሰ። የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሐምሌ 2013 ትእዛዙን ሻረው። በየካቲት 2017 ደግሞ የዳዳብን የስደተኞች ካምፕ የመዝጋቱን ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ አገደው። መንግሥትን በፍርድ የረታው መሣሪያ ወረቀት ነበር።

እንግዲህ እንነሳ! በየብሎኩ አንድ ደብተር ይኑር። ከእርሻ የተመለሰ ሁሉ በዚያው ምሽት ቀኑን፣ የእርሻውን ቦታ፣ ያሠራውን ሰው ስም፣ የተስማማበትን ክፍያ በጊኔ፣ የተቀበለውንና ሁለት ምስክሮችን ያስመዝግብ። አንድ አሠሪ የካዳቸው ሁሉ ተሰባስበው በአንድነት ይጠይቁ። ለየትኛውም ቢሮ ማመልከቻ ስናስገባ ቀን ያለበት ቅጂ በእጃችን ይቅር፤ ከዝርዝር የተሰረዘም ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቅ። ዓረብኛ የምታውቁ አስተርጉሙ፤ ሕግ የተማራችሁ አቤቱታ ጻፉ። ከካምፕ የመውጫ ፈቃድና የሕግ ድጋፍ ስንጠይቅም በኮሚቴ እንጠይቅ። በሰው ቤት የሚያጥቡና ሻይ የሚሸጡ ሴቶች ጉዳይም በዚያው ደብተር ይስፈር።

ፍርሃታችሁን አልንቅም። ብቻውን አቤት ያለን ሰው ነገ ሥራ መከልከል ቀላል ነው። አርባ ሰው የፈረመበትን አቤቱታ ግን መበቀል ያስቸግራል። ያም ሆኖ ያልፈቀደ ሰው ስም አይጻፍ፤ ደብተሩም በታመነ እጅ ይቀመጥ።

በጥንቱ ደንብ ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸውን ጫፍ ቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ማንም መንገድ ላይ እንዳያመልጥ ነው። ዛሬ ተከሳሹ በመኪና ይሄዳል፤ ነጠላውን አንደርስበትም። እንግዲያው እኛ ከሳሾቹ እርስ በርስ እንቋጠር፤ ከመሃላችን ማንም ተስፋ ቆርጦ እንዳይቀር።

ዛሬ ማታ ደብተሩን ግለጡ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ያቺን ያልተከፈለች ቀን ጻፉ። ጭብጦዋ ብትሄድም በፍርድ ትሂድ!